ላዩ ኩበት፣ ታቹ አጋም

እትዬ ዘነበች ትባላለች። ልጅ ሳለሁ፣ አዳማ ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በገዛ ፋኖሷ ብርሃን ያዋረደችኝ እሷ ናት። ከሞተች ቆይታለች። ነፍሷን ይማር እላለሁ፤ ምላሷን ግን እግዜርም ቢሆን ሳያስብበት የሚምረው አይመስለኝም። «እሳቸው» እንድላት የምትጠብቁ ካላችሁ አትድከሙ፤ ለእሷ የነበረኝን አንቱታ በዚያ ምሽት እሷው ጨርሳዋለች።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከልጅ ልጄ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ቃሉ ቢንጋደድ መስመሩን ታዘቡ እንጂ እኔን አትታዘቡ።

ያኔ አዳማ እንዲህ አልነበረችም። ጣልያን ከመምጣቱ ከጥቂት ዓመት በፊት ነው የምላችሁ። ከተማ የሚባለው ጣቢያው ነበር፤ በጣቢያው ዙሪያ ጥቂት የቆርቆሮ ቤት፣ ከዚያ የሣር ጎጆ፣ ከጎጆው ወዲያ ግራር፣ ከግራሩ ወዲያ ደግሞ እሾሃም ቁጥቋጦ እስከ አዋሽ ገደል ድረስ። ባቡር ሲመጣ ሰው ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይወጣል፤ ባቡሩ ሲሄድ ጭሱ ከአቧራው ጋር ተቀላቅሎ እኛው ላይ ይቀራል። አባቴ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ወደ አዋሽ ለሥራ እንደወረደ ንዳድ ያዘውና እዚያው ቀረ። መቃብሩን አላየሁትም።

እናቴ ወይዘሮ ጥሩነሽ የቡልጋ ሰው ናት። ቡልጋን ያላየ ሰው እናቴን ሲያይ ቡልጋ ማለት ቤተ መንግሥት ይመስለዋል፤ አንገቷን እንደዚያ ነበር የምትይዘው። ጥጥ ትፈትላለች፣ በፈትሏ እንተዳደራለን። ክሯ ስስና ጠንካራ ስለሆነ ሸማኔዎቹ ይሻሙበታል። ሰው ፊት እጇን ዘርግታ አታውቅም፤ ጨው እንኳ ስትበደር የምትመልስበትን ቀን ራሷ ቆርጣ ተናግራ ነው።

እትዬ ዘነበች ደግሞ የእህል ነጋዴ ሚስት ነበረች። ሰፊ ግቢዋን ከኛ ጎጆ የሚለየው የቅንጭብ አጥር ብቻ ነው። ቅንጭብ ዓይን ይከለክላል እንጂ ጆሮ አይከለክልም፤ እኛ ቤት ሲነጠስ እሷ ቤት «ይማርሽ» ይባላል። በግቢው ዳር የባሏ የእህል መጋዘን ነበር፤ መጋዘኑን የሚጠብቁት ከአርሲ፣ ከሁሩታ በኩል የመጡት ሽማግሌ፣ አባባ ጉርሜሳ ናቸው። ነገሬ ሁሉ የሚያጠነጥነው በእሳቸው እሳት ዙሪያ ነው።

አባባ ጉርሜሳ ጀንበር እንደጠለቀች ከመጋዘኑ በር ፊት ለፊት የግራር ጉማጅ ያያይዛሉ። የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ከየጎጆው ብቅ ብቅ ይላል። እትዬ ዘነበች ፋኖሷን ታመጣና ግንድ ላይ ታስቀምጣለች፤ ከኛ ሠፈር ፋኖስ ያላት እሷ ብቻ ናት፤ ይህንንም ማንም እንዳይረሳባት መስተዋቱን በቀሚሷ ጫፍ ስትወለውል ታመሻለች። ሽማግሌው እሳቱን በዱላቸው ጫፍ ይነካኩትና ፍሙ ሲፈነጥቅ «ዱሪ ዱሪ» ይላሉ። «ድሮ ድሮ» ማለታቸው ነው። ያኔ የባቡሩም የአህያውም ድምፅ ይጠፋል፤ የግራሩ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ እንባችንን እየጠረግን እንሰማለን። አማርኛቸው የተሰበረ ነበር ይሉ ነበር ሰዎች። እኔ ግን እስከ ዛሬ ከእሳቸው ሰባራ አማርኛ የሚበልጥ ደኅና አማርኛ አልሰማሁም። በቀን ለምነናቸው ነግረውን አያውቁም፤ በቀን ተረት የሚነግር ሰው ከብቱ ይጠፋበታል ይላሉ። አንድም ከብት እኮ የላቸውም ነበር።

ልጅነታቸውን በእረኝነት የጨረሱ ስለሆኑ በተረታቸው ውስጥ ቁጥቋጦው ሁሉ ሰው ነው። ቁርቁራ ለሁሉ የምትሰጥ፣ ግን ስትሰጥ የምትቆነጥጥ ባልቴት ናት። እንኮይ ባል መርጣ መርጣ ብቻዋን የቀረች ኮረዳ ናት። አጋም ደግሞ እናት ናት። ፍሬዋ እንዴት እንደሚለቀም ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፦ የበሰለው እንደ በሬ ዓይን ይጠቁራል፣ በጣት ጫፍ ሲነኩት እሺ ብሎ ይወርዳል፤ እንቢ ያለ ገና ነው፣ ብትጎትቱት ነጭ ወተት ያፈስና ከንፈራችሁን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። በስሎም ቢሆን ምልክቱን ሳይተው አይሄድም፤ አጋም የበላ ሰው ጥርሱና ምላሱ ሐምራዊ ሆኖ ይውላል። እናቶቻችን ውሸታችንን የሚይዙት አፋችንን አስከፍተው ነበር።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ክረምቱ ሳይደርስ ተመለሰ። በመስከረም እናቴ በንዳድ ተያዘች። ሲያንቀጠቅጣት እንዝርቱ ከእጇ ይወድቃል፣ ክሩ ይበጠሳል፤ ሲተዋት ደግሞ ላብ አጥምቋት ትተኛለች። ፈትል ከሌለ እህል የለም። ጋኑ ሥር ያለው ዱቄት አለቀ፣ ከዱቄቱ በኋላ ሽሮው አለቀ፣ ከሽሮው በኋላ የጎረቤት ወሬ ብቻ ቀረ።

እትዬ ዘነበች አንድ ቀን በሰሃን ንፍሮ ላከችልን። አልዋሽም፣ ልካለች። የተላከችው ገረድ ግን ገና ከመንገድ ላይ ሆና፣ «ለእነዚያ ለተራቡት ስጫቸው ብላለች እመቤቴ!» ብላ ጮኸች። እመቤቷ እንዲያ በይ ብላት ይሁን ልጅቷ ከራሷ አምጥታው እንጃ። እናቴ ከመደቡ ተነሥታ፣ ግድግዳ ይዛ በሩ ድረስ ሄደች። «እግዜር ይስጥልኝ በያት፤ እኛ በልተናል» ብላ ሰሃኑን እንዳለ መለሰችው። የንፍሮው እንፋሎት ፊቴ ላይ ሽው ብሎ ሲያልፍ አሁንም ይሸተኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ዘነበች እናቴን ሰላም ስትል ከንፈሯ እንጂ ዓይኗ ሰላም አይልም ነበር። የተመለሰ ሰሃን የጥፊ ያህል ነው፤ ይህን ዛሬ ሆኜ ሳስበው እሷም ትንሽ እውነት አላት እላለሁ። ትንሽ ብቻ።

ከዚያ ወዲያ ዱር ገባሁ። ኩበት ለቀማ ነው ብዬ፣ እንቅቤን ይዤ፣ ከጣቢያው በታች በመልካሳ በኩል ወደ አዋሽ በሚያወርደው መንገድ እሄዳለሁ። አጋም እለቅማለሁ፤ የደረቀ ቁርቁራ ባገኝ ወቅጬ ዱቄቱን በውኃ አሽቼ ለእናቴ እሰጣታለሁ። ስመለስ ፍሬውን ከታች አድርጌ፣ ቅጠል አልብሼ፣ ኩበቱን ከላይ እከምርበታለሁ። ለምን ትሉ ይሆናል። ያኔ የዱር ፍሬ ለልጅ ጨዋታ ነው፣ ለእረኛ ምሳ ነው፣ ለመንገደኛም ቢሆን ነውር የለበትም። የቤት እመቤት እራቴ ብላ ከበላችው ግን ስሙ ይለወጣል፤ «ምድጃዋ ጠፍቶ ዱር ወጣች» ይባላል። ይህ ወሬ አንዴ ከወጣ ሸማኔ ፈትልሽን አይወስድም፣ እድር አይቆጥርሽም፣ ልጅሽን የሚጠይቅ አይመጣም። ስለዚህ እናቴ የምትበላው በር ዘግታ ነበር።

መጀመሪያ እንቢ አለች። በኋላ ንዳዱ አፏን ሬት ሲያደርገው፣ ከአጋሟ ኮምጣጣነት በቀር ጉሮሮዋን የሚያልፍ ነገር ጠፋ። ስትበላ ዓይኗን ትጨፍን ነበር። «አንቺስ?» ትለኛለች። «እዚያው ጠግቤ ነው የመጣሁት» እላታለሁ። አንዲትም አልቀምስም ነበር። አንዷን ብቀምስ አሥሯን እንደምጨርስ ሆዴን አውቀው ነበርና ምራቄን ብቻ እየዋጥኩ እመለሳለሁ።

እየቆየ በቅርብ ያለው ቁጥቋጦ አለቀ። ከመንታ መንገዱ ላይ ግን አንዲት ትልቅ አጋም ነበረች፤ አላፊ አግዳሚ ሁሉ ከእሷ ቀምሶ ነው የሚያልፈው። እሷን አንድ ቀን ከላይ እስከ ታች ገፈፍኳት። ገና ሊቀላ ያለውን ሁሉ ሳይቀር ወሰድኩት። ክንዴ እስኪደማ፣ ወተቷ እስኪፈስ። የእናቴ ትኩሳት በሌሊቱ አልበረደም ነበር፤ ቶሎ መመለስ ነበረብኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እናቴ ገና ከመብላቷ እትዬ ዘነበች «ልጠይቅሽ መጣሁ» ብላ ሰተት አለች። በሩን ቀርቅሬው ቢሆን! እናቴ ያስተዳደጓ ነገር ሆኖባት፣ ተንጠራርታ፣ እንግዳዋን በፈገግታ ተቀበለቻት። እኔ ቆሜ የእናቴን ጥርስ አየሁት። ከዳር እስከ ዳር ሐምራዊ ነው። እትዬ ዘነበችም አየችው። ቀጥላ እንቅቡን አየች፣ ኩበቱን አየች፣ ከሥሩ የወጣችውን አንዲት አረንጓዴ ቅጠል አየች። «እግዜር ይማርሽ፣ እህቴ» ብላ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች። ዝም ያለች ዘነበች ከምትጮኸው ዘነበች እንደምትከፋ ያኔ አላወቅኩም።

ማታ እሳቱ ጋ ሄድኩ። ባልሄድ ይሻለኝ ነበር፤ ግን ብቀር «ለምን ቀረች» ይባላል ብዬ ሄድኩ። ከልጆቹ ሌላ የጣቢያ ተሸካሚዎችና ሁለት ሦስት ሴቶችም ነበሩ። አባባ ጉርሜሳ ዱላቸውን ፍሙ ውስጥ ሰክተው ጀመሩ።

«ዱሪ ዱሪ፣ አጋም እሾህ አልነበራትም። እንደ እናት ጡት ለስላሳ ነበረች። ለሁሉ ታካፍላለች። ላዩ ለወፍ ነው፣ ወፍ ከምድር አይለቅምም። ታቹ ለሕፃን ነው፣ ሕፃን እጁ አይደርስም። ወገቧ ላይ ያለው ለመንገደኛ ነው። አንድ ቀን ዋራቤሳ መጣ፣ ጅብ። የወፉን በላ። የሕፃኑን በላ። የመንገደኛውን በላ። ያልበሰለውንም በላ። ወፍ መጣ፣ አጣ። ሕፃን መጣ፣ አጣ፣ አለቀሰ። አጋምም አለቀሰች፤ ያ ነጭ ወተት የዚያን ቀን እንባዋ ነው። ዋቃ ሰማት፣ እግዜር፤ ጦር ልስጥሽ አላት፤ መንታ መንታ አድርጎ ሰጣት። ስለዚህ አጋም እስከ ዛሬ በጣት ጫፍ ለሚጠይቃት እሾህ የላትም፤ በመዳፉ ለሚገፋት ግን ጦረኛ ናት።»

እዚህ ላይ ቆም አሉና ዙሪያውን ቃኙን። «ዛሬ መንታ መንገዱ ጋ ሄጄ ነበር። ዋራቤሳ ተመልሷል፣ ኢጆሌ፣ ልጆቼ። አንድ ፍሬ አልተወም። እጁን አሳዩኝ ብል የማነው እጅ ይሆን የተቧጨረው?»

ልጆቹ እየተሳሳቁ እጃቸውን ወደ እሳቱ ዘረጉ። እኔ ክንዶቼን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ። ሽማግሌው ቀልዳቸውን ነበር፤ እኔ መሆኔን አላወቁም። ግን እትዬ ዘነበች ከፋኖሷ አጠገብ ሆና ታውቅ ነበር። ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«አባባ ጉርሜሳ ይረፉ፤ እስቲ አንድ እንቆቅልሽ እኔ ልጠይቅ» አለች። «አሰገደች! አንቺን ነው የምጠይቅሽ። እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልሽ» አልኩ። ሌላ ማለት አይቻልም።

«ላዩ ለምድጃ፣ ታቹ ለጉሮሮ።»

ሁሉም ማሰብ ጀመረ። አንዱ ድስት ነው አለ፣ ሌላው ምጣድ ነው፣ ሌላው ጭስ ነው። እኔ ገና ሳትጨርሰው አውቄዋለሁ። አፌን ብከፍት ግን ራሴን ላጋልጥ ነው።

«አላወቅሽም? እንግዲያው አገር ስጪኝ!»

የእንቆቅልሽን ሕግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ አገሩን የተቀበለ ደግሞ እዚያ ተሹሞ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ የሰጠውን እያዋረደ ይሳደብና መልሱን ይናገራል። የተሰደበ አይቆጣም። በእንቆቅልሽ የተሰደበ ሸንጎ አይቆምም፤ ከተቆጣ ጨዋታ የማያውቅ ተብሎ ሁለተኛ ይሳቅበታል። ብልጥ ተሳዳቢ ታዲያ በሌላ ቀን ሊለው የማይደፍረውን ሁሉ በዚያ ያስገባል።

«ሁሩታን ሰጠሁዎ» አልኩ።

«ሁሩታን! እሰይ!» አለች እትዬ ዘነበች፤ ተነሥታ ወገቧን ያዘች። «ሁሩታ ገብቼ፣ ስንዴውን አስወቅቼ፣ ጎተራውን ሞልቼ፣ ጠላው በጋን ጠጁ በብርሌ ሲቀርብልኝ፣ የአሰገደች እናት የቡልጋዋ እመቤት፣ በኔ ንፍሮ አፍንጫዋን የነፋችው፣ ከፍየል ጋር ተሻምታ ዱር ለዱር ስትግጥ፣ ጥርሷ እንደ ጥላሸት ጠቁሮ በኩበት የተሸፈነ እራቷን ስትጠብቅ አየኋት! መልሱ የአሰገደች እንቅብ! ላዩ ኩበት፣ ታቹ አጋም!»

ሳቁ እንደ ባቡር መጣ። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ በላዬ ላይ። አንዷ ሴት «ኧረ ተይ ዘነበች» አለች፤ እሷም ግን አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነበር። ከተሸካሚዎቹ አንዱ እንደ ፍየል ጮኸ። እኔም ያኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በእትዬ ዘነበች አላፈርኩም፣ በራሴም አላፈርኩም። ዓይኔ ላይ የመጣው ያ ሐምራዊ ፈገግታ ነው፤ በእናቴ ጥርስ ነው ያፈርኩት። ከዚያ ሁሉ ውርደት መርጦ የቀረብኝ እሾህ ይህ ነው።

ተነሣሁና «እናቴ አልቀመሰችም!» አልኩ። «የበላሁት እኔ ነኝ። የመንታ መንገዱንም የገፈፍኩት እኔ ነኝ። ጅቧ እኔ ነኝ!» ክንዴን ከነጠላዬ አውጥቼ አሳየኋቸው።

«ጅቢት! ጅቢት!» አሉ ልጆቹ። ይህ ስም ጥርሴ እስኪረግፍ ተከትሎኛል፤ ዛሬም ከዚያ ዘመን የቀረች አንዲት ባልቴት «ጅቢት ደኅና ነሽ?» ትለኛለች።

አባባ ጉርሜሳ ብቻ አልሳቁም። ከግንዱ ላይ ፋኖሱን አነሡና ወደ ፊቴ አስጠጉት፣ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ። ከጩኸቴ የተነሣ አፌ እንደተከፈተ ነበር። ጥርሴን አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ፋኖሱን ዝቅ አድርገው መለሱት።

እትዬ ዘነበች «እንግዲህ ጅቧ ተገኘች አይደል፣ አባባ?» አለች።

«ጅብ ብዙ ነው፣ እመቤቴ» አሉ ሽማግሌው። «አንዳንዱ ፋኖስ ይይዛል።»

የእሷን እህል ጠብቀው ነው የሚያድሩት፣ የእሷን ቂጣ ነው የሚበሉት። ሳቁ ግን ውኃ እንደፈሰሰበት ፍም ቸስ ብሎ ጠፋ። አባባ ጉርሜሳ እሳቱን በአመድ አለበሱትና እጄን ይዘው በቅንጭቡ ዙሪያ ወደ ቤቴ ወሰዱኝ። በሩ ላይ ሲደርሱ ጎንበስ አሉ።

«ተረቴ አላለቀም ነበር፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ «ልጄ» ማለታቸው ነው። «ቸኩዬ ነው ያቆምኩት። አጋም ጦሯን ይዛ ዋራቤሳን ስታገኘው፣ ፍሬው ሁሉ አፉ ውስጥ ነበር፣ አልዋጠውም። ለማን ነው አለችው። አፉ ሞልቶ ነበርና አልመለሰላትም። ይህን ማንም አልነገረኝም፣ አሁን ነው ያየሁት። ጥርስሽ ነጭ ነው።» ከዚያ ዱላቸውን ተደግፈው ሄዱ። አንዲት እንባ ሳላፈስ የመጣሁት ልጅ ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ቅንጭብ ጆሮ አይከለክልም ብያችኋለሁ። እናቴ ሁሉንም ሰምታለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር። የቀረችውን አጋም በጣባ አድርጌ ሳስጠጋላት እጇን ከጋቢው ሥር አላወጣችም።

«ውሰጂልኝ» አለች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ የበላሁት ብያለሁ እኮ። ማንም አላመነም ያንቺን።»

«ሰምቻለሁ። ልጄን ጅብ ያሰኘ እህል በጉሮሮዬ አይወርድም። ከዛሬ ጀምሮ አልበላም።»

እናቴ የማለችውን የምታፈርስ ሴት አልነበረችም። አባቴን ንዳድ እንዴት እንደወሰደው ሰው ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ ንዳዱ አይደለም፣ ባዶ ሆድ ያገኘው ንዳድ ነው ብለው ነበር። ጨለማው ውስጥ ተቀምጬ ትንፋሿን አዳመጥኩ። እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ አዛውንት አሰብኩ። ይህች ሴት የምትሞተው በረሃብ አይደለም፣ በኀፍረት ነው። ኀፍረቱም ከአጋሟ አይደለም፣ ከኩበቱ ነው። ማነው የሸፈነው? እኔ ነኝ። ባልሸፍነው ኖሮ እትዬ ዘነበች ምን እንቆቅልሽ ታገኝ ነበር?

ሰው «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ተረት ስሰማ ቁልቋሏ ማን ነበረች እያልኩ አስባለሁ፤ እኔ ነኝ፣ እናቴ ናት ወይስ ያቺ የተገፈፈችው አጋም ራሷ? ካባባ ጉርሜሳ ተረቶች ብዙው ጠፍቶብኛል። የጦጣው፣ የአንበሳው፣ የብልጧ ቀበሮ ሁሉ ተደበላልቆብኛል፤ ለልጅ ልጆቼ ስነግር አንዱን ጭራ በሌላው ላይ እቀጥላለሁ፣ እነሱም አያውቁብኝም። ያ ግን በጩኸት ተጀምሮ በሹክሹክታ ያለቀው ተረት ቃሉ እንኳ አልተናጋብኝም። ዛሬም የግራር ጭስ ሲሸተኝ እጄ ሳላዘው ክንዴን ለመሸፈን ነጠላዬን ይፈልጋል፤ ክንዴ ላይ ያለውን ጭረት ከኔ በቀር የሚያየው የለም።

ያም ሆነ ይህ ነጋ። እትዬ ዘነበች ጾም ነኝ ብላ እንዳታመልጥ ቀኑን አሰብኩት፤ ሐሙስ ነበር። እንቅቤን ይዤ ከመንታ መንገዱ አልፌ ወደ ገደሉ ወረድኩ። ያልተነካ ቁጥቋጦ አገኘሁ። ላዩን ለወፍ ተውኩ፣ ታቹን ለሕፃን ተውኩ፣ ከወገቡ ብቻ በጣት ጫፍ ለቀምኩ፤ አንዲት እሾህ አልወጋችኝም። ኩበት አልነካሁም፣ ቅጠልም አላለበስኩም። እንቅቡን በአናቴ ተሸክሜ፣ ጥቁሩ ፍሬ ለፀሐይ እያብረቀረቀ፣ በጓሮ ሳይሆን በጣቢያው ፊት ለፊት፣ ሰው ሁሉ ባቡር በሚጠብቅበት መሐል አለፍኩ። አንገቴ የቡልጋ ነው።

እትዬ ዘነበች ደጃፏ ላይ ከሴቶች ጋር ተቀምጣ እህል ታበጥር ነበር። አባባ ጉርሜሳ ከመጋዘኑ በር ተደግፈዋል።

«ጅቢት!» አለችኝ። «ዛሬ ኩበቱን የት ጣልሽው?»

ፊቷ ተንበርክኬ እንቅቡን በሁለት እጄ ዘረጋሁላት። «እናቴ ወይዘሮ ጥሩነሽ የምትበላው አጋም ነው፣ እትዬ። ከቤታችን ነው። ይቅመሱልን።»

ሰሃን የተመለሰባት ሴት ናት። እንቢ ብትል፣ እናቴን ስታማበት የከረመችውን፣ የቀረበ ምግብ መመለስን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ራሷ ልትፈጽመው ነው። ሴቶቹ ሰፌዳቸውን ያዝ አደረጉ። አባባ ጉርሜሳ ከወዲያ «እኔ ደግሞ እንዳትረሱኝ!» ብለው ዱላቸውን እየጎተቱ መጡና ቀድመው ዘገኑ። ከዚያ ያቺ «ኧረ ተይ» ያለችው ሴት ዘገነች። ከዚያ ሌላዋ። እትዬ ዘነበች በመጨረሻ ሁለት ጣቷን አስገባች፣ አንዲት አነሣች፣ ጎረሰች። ልትናገር አፏን ስትከፍት ጥርሷ ከዳር እስከ ዳር ሐምራዊ ነበር። ሳቁ እንደገና መጣ፤ በዚህ ጊዜ ግን የሳቀው ሁሉ አፉ ሐምራዊ ነው፣ ማን በማን እንደሳቀ አይታወቅም። ቅንጭቡን አልፎ እኛ ጎጆ እንደሚደርስ አውቅ ነበር።

የቀረውን ይዤ ገባሁ። እናቴ ፊቷን ከግድግዳው አዙራ ነበር። «ምንድነው የሚያስቃቸው?» አለች። እንቅቡን ከራስጌዋ አስቀምጬ፣ አንዷን አነሣሁና፣ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፊት ለፊቷ በላሁ። ደግሜ በላሁ። ከዚያ ምላሴን እስከ ሥሩ አውጥቼ አሳየኋት፤ እጇን ከጋቢው ሥር ስታወጣ፣ ከትልልቆቹ መርጬ መዳፏ ላይ አደረግሁላት።